መዝገብ ቁጥር ሰማንያ አራት

ሞላሌ ላይ ጉም ሲገለጥ ቀድሞ የሚታየው ቆርቆሮው ነው፣
ዝገቱ ቡናማ፣ ምስማሩ የላላ፣ ነፋስ የሚያንኳኳው።
ከዚያ ግንቡ፦ በኖራ የተለሰነ፣ ሆዱ የተገፋ፣
መስኮቱ ጠባብ፣ ብርድን ለማስቀረት እንጂ ለዓይን ያልተለፋ።
ከዚያ ሦስቱ ደረጃዎች፣ መሐላቸው የጎደጎደ፤
"ጌታዬ" ሳይል የወጣ የለም፣ "ይግባኝ" ሳይል የወረደ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነኝ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ከአቧራ ጋር፣
ከአይጥ ስሟገት የኖርሁ፣ ያለ ጠበቃ፣ ያለ ምስክር።

ከግንቡ በፊት ዛፍ ነበር ይላሉ፤ ወይራ፣ ጎንበስ ያለ፣
ዳኛው ከሥሩ፣ ተሟጋች ከፊቱ፣ ኩታውን አጣፍቶ "በላ ልበልሃ" እያለ፣
ማር ሲወራረድ፣ በቅሎ ሲያስይዝ፣ ጣቱን ሲቀስር፣
ከሳሽ ከተከሳሹ በነጠላ ጫፍ ተቆራኝቶ ሲያድር።
ያ ወይራ ዛሬ በር ሆኗል፤
ሲከፈትም ሲዘጋም፣ ተራው እንዳልደረሰ ባለጉዳይ፣ "ስሙኝ" ይላል።

ግንቡን የገነባው አዝብጤ ነው፤ ደረሰኙ እዚህ አለ፦
አርባ ብር፣ ሁለት ጭነት ገብስ፣ አንድ ባና፤
ከሥሩ የአውራ ጣት ዐሻራ፣ በመዶሻ የቆሰለ።
ጭቃውን በገብስ ገለባ ለወሰ፣ ክዳኑን በጓሳ ሣር፤
(ቆርቆሮው ኋላ መጣ፣ በበቅሎ ጀርባ፣ እያንጸባረቀ አገር ሲያሳውር።)
ድንጋዩን ግን ከየት አመጣ? ደረሰኙ ዝም ብሏል።
ዝም ያለ ወረቀት ደግሞ፣ ይዋል ይደር እንጂ፣ ይናገራል።

በዚያው ዓመት መዝገብ ተከፈተ፤ ቁጥሩ ሰማንያ አራት፣
ከሳሽ ወይዘሮ አጥናፌ፣ ተከሳሽ ወንድሟ ባላምባራስ ቸርነት።
"ድንበሬን ነቀለ" ትላለች፤ "ድንጋዩ ጥቁር፣ ክንድ ከስንዝር፣
ሦስት ጭረት ያለው፣ አባታችን የጫረው፣ ሰው እያየ፣ በምስክር።"
"አልነካሁም" ይላል። ይምላል። ሽማግሌ ወጥቶ ይለካል በገመድ።
ዳኛው ይቀየራል፤ መዝገቡ ይቀጠራል፤
አጥናፌ በእግሯ ትመጣለች፣ በዚያ ውርጭ፣ በዚያ መንገድ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
ስሟ እስኪጠራ የምትደገፈው ግራውን ማዕዘን ነበር፣
ፀሐይ ቀድሞ ስለሚያገኘው፣ ስለሚሞቅበት።

ከዚያ ዐዋጅ መጣ፤ መሬቱ ሁሉ የሕዝብ ሆነ።
ሰማንያ አራት "ተዘግቷል" ተብሎ በቀይ ቀለም ተከደነ።
ማንም አልረታ። ማንም አልተረታ።
ቸርነት በጥቅምት ሞተ፤ እሷ በኅዳር፣ አንድ ሰኞ ማታ።

ዘንድሮ ክረምቱ ከበደ። ልስኑ ግራ ጎኑን ለቀቀ፤
ሌሊት ሲንኮታኮት ዘበኛው መክት ዱላውን ጨብጦ ሌባ ጠበቀ።
ጠዋት ደረስሁ። ከማዕዘኑ፣ ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣
ክንድ ከስንዝር ጥቁር ድንጋይ፤ ሦስት ጭረት፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ።

አዝብጤ ያውቅ ነበር? ወይስ ባላምባራስ በሌሊት
በበሬ አስጎትቶ ጣለው፣ ከሌላው ክምር ጋር፣ ለመንግሥት ቤት?
ወይስ ጥሩ ማዕዘን ያየ ግንበኛ ነውና አላስቻለውም፤
ድንበር ይሁን መቃብር፣ ድንጋይን ማን ነህ ብሎ አልጠየቀውም?
ዐሻራው አይናገርም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተደግፋው ኖረች፤
"ማስረጃሽን አቅርቢ" ሲሏት፣ ነጠላዋን አስተካክላ ገብታ
ባዶ እጇን ወጣች።

በሚቀጥለው ወር ሊያፈርሱት ነው፤ አዲሱ ባለ ፎቅ፣ ባለ መስታወት።
መሐንዲሱ መጥቶ ግንቡን በቀለም ምልክት አደረገ፤
"ጠጠር ይሆናል" አለ፣ "ለአስፋልት።"
መዝገቡን አወረድሁ። አይጧ ጠርዙን በልታለች፤
"አጥና" የሚለው ተርፏል፣ "ፌ"ዋን ጨርሳለች።
ከቀዩ ጽሑፍ በታች ባዶ ቦታ ነበረ፣ አንድ መስመር።
ሥልጣን የለኝም፤ ማኅተም የለኝም፤ እርሳስ አለኝ።
ጻፍሁ፦ "ድንጋዩ ተገኝቷል። ፍርድ ቤቱ ውስጥ ነበር።"

ከኋላዬ በሩ ጮኸ። ሕፃን ያዘለች ልጅ፣
ጫማዋ ጭቃ የበላው፤ የቀለብ ክርክር።
"ተቀመጪ" አልኋት።
አዲስ መዝገብ። አዲስ ቁጥር።